ፓርኪንግ ሴንሰሩ ሲለግም

ሪቨርስ ሳስገባ አንድ ረጅም ጩኸት፣ ከዚያ ዝም። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ወደ ኋላ ስሄድ ከኋላ ያለውን ነገር እየጮኸ የሚያስጠነቅቀኝ የመኪናዬ ፓርኪንግ ሴንሰር ያመጣው ጠባይ ይሄ ነው። ከኋላ ግድግዳ ይኑር ሰው ይቁም ጉዳዩ አይደለም።

መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ ያለ የጀርመን ስሪት ናት። እዚህ አሜሪካ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ ይኑረው የተባለው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ነው። የኔዋ ከዚያ በፊት የወጣች ስለሆነች ካሜራ የሚባል ነገር የላትም፤ ጣሪያው ሲዘጋ ደግሞ በኋላ መስታወት የምታዩት ቁራጭ ሰማይ ብቻ ነው። «አንገትህን አዙረህ እይ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እስቲ እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ በሉና አዙሩት!

የወሰድኳት ጋራዥ አራቱም ሴንሰሮች ከነኮምፒውተራቸው ይቀየሩ አለኝ። ባምፐሩን እንኳን ሳይፈታ። ዋጋውን ሰምቼ አመስግኜ ወጣሁ። ይሄ ነገር ቤት ደጃፍ ላይ የሚጣራ ነው፤ መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ባምፐሩ ላይ የምታዩዋት ክብ ነገር ጆሮም አፍም ናት። ሰው የሚሰማው ድምፅ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ እሷ ከ40 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነ አጭር ድምፅ ትልክና ተመልሶ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቆ ያለ ነገር ጋ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። ኮምፒውተሩ ያንን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ድምፁን የምታወጣው ፊቷ ላይ ያለችው ስስ ብረት ስትንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ያንን መንቀጥቀጥ የሚያፍን ወይም የሚያዛባ ነገር ሁሉ ችግር ያመጣል፤ ጭቃ፣ በረዶ፣ ወፍራም ቀለም።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ብዙ መኪና ላይ ሪቨርስ ሲገባ የሚሰማው አንድ ረጅም ጩኸት «ራሴን መርምሬ ብልሽት አግኝቻለሁ» ማለት ነው። ከኋላ ምንም ሳይኖር ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ግን ሴንሰሩ በሕይወት አለ፣ የሌለ ነገር እያየ ነው፤ መጀመሪያ እጠቡት። በብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎትም ሊያታልለው ይችላል፣ ስፖርት መኪና ላይ ቱቦው ከሴንሰሩ ብዙም ስለማይርቅ ይሄ ይብሳል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ፊውዝና የኋላ ማርሽ መብራት ይታዩ። መብራቱም ካልበራ ሴንሰሩን ተዉት፣ ጊርቦክሱ ላይ ያለውን የሪቨርስ ስዊች ጠርጥሩ።

የኔ የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ የትኛው ሴንሰር እንደሞተ መለየት ነበረብኝ። እዚህ ላይ ነው ሰው ዝም ብሎ ገንዘብ የሚያወጣው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሪቨርስ አስገቡ። ከዚያ ወርዳችሁ ጆሯችሁን ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር ጠጋ አድርጉ። ድምፁ ራሱ ባይሰማም በተላከ ቁጥር ትንሽ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሰፈሩ ጫጫታ ካለው ቁራጭ የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ሴንሰሩ ላይ ሌላውን ጆሮ ላይ ማድረግ ነው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ካላላችሁ። ወይም ጣት ጫን ሲደረግ ይሰማል። የኔ ሦስቱ ይላሉ፣ የግራው ዳር ዝም።

መኪናው ላይ የሚሰካ ርካሽ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ሰክቼ ነበር ለሚል ሰው፦ እሱ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ጣጣ ብቻ ነው። የፓርኪንግ ኮምፒውተሩን ለማናገር ለመኪናው ዓይነት የተሠራ ስካነር ያስፈልጋል። ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ጆሮ ይበቃል።

ባምፐሩን ማውረድ ከባድ ሳይሆን አሰልቺ ነው። ብሎኖቹ ጎማው ያለበት ጎድጓዳ ውስጥና ከኋላ መብራቶቹ ሥር ተደብቀዋል። ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ስለሚሰበር ሞቅ ያለ ቀን ምረጡ፣ ጠርዙ ቀለም እንዳይፍቅም ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ካቻቢቴ እየከተቱ መፈልቀቅ ክልክል ነው። አንድ ሰው ያግዛችሁ፣ ሽቦው ከውስጥ ስለተያያዘ ባምፐሩን ብድግ አድርጎ መሄድ የለም።

ከዚያ ዝም ያለውን ሴንሰር ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሩ። ዝምታው ከሴንሰሩ ጋር ከሄደ ሴንሰሩ ሞቷል። እዚያው ቦታ ከቀረ ደግሞ ሽቦው ነው። የኔ እዚያው ቀረ። ሶኬቱን ስነቅለው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት! ቦታው ከኋላ ጎማ ጀርባ ነው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ መንገዱን ጨው ያለብሱታል፣ ጎማው ያንን ጨዋማ ውሃ አንስቶ ቀጥታ እዚያ ይረጨዋል። ሶኬቱ ላይ ሦስት ሽቦ አለ፤ ኃይል፣ መሬትና መልእክት። በቴስተር ስለካው ለሦስቱ ጎረቤቶቹ የሚደርሰው ቮልቴጅ ለእሱ አይደርስም። የዛገውን ቆርጬ፣ ከዩዝድ ዕቃ ሻጭ ያገኘሁትን ሶኬት በይጄ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አልብሼ ጨረስኩ። አዲስ ሴንሰር አልገባም።

ባምፐሩ ወርዶ እያለ ሴንሰሮቹን የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበትም እዩ። እሱ ከሌለ የሴንሰሩ መንቀጥቀጥ ወደ ባምፐሩ ይተላለፍና ያለማቋረጥ ያስጮሃል። ባምፐሩ ተጋጭቶ ባትላሜራ ቤት የገባ ከሆነ ሴንሰሩ ላይ ስቱኮ ወይም ድርብርብ ቀለም እንዳይኖር። ቀለም ቀቢው ሴንሰሩን አውጥቶ ለብቻው በስሱ ካልቀባው፣ መኪናዋ አምራ ትወጣለች እንጂ ሴንሰሩ ደንቁሯል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ያላችሁ ባምፐር በስቶ የሚገጠመው ዓይነት ነው። የእሱ በሽታ ትንሽ ይለያል። ሴንሰሩ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ፤ ተገልብጦ ከተገጠመ አስፋልቱን እያየ ይጮሃል። ዝቅ ያለች መኪና ላይ፣ በተለይ ስፕሪንጓ ተቀይሮ ይበልጥ ከወረደች፣ በትክክል ተገጥሞም ይሄ ሊገጥም ይችላል። ኃይል የሚወስደውም ከሪቨርስ መብራቱ ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ መኪና ለመብራቱ ኃይሉን እየቆራረጠ ስለሚልክ የሴንሰሮቹ መቆጣጠሪያ ሳጥን ግራ ይጋባል። ሪሌይ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ሲገባለት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ብሎኑን ሁሉ ከማጥበቃችሁ በፊት ሞክሩት። ትልቅ ካርቶን ከኋላ አቁማችሁ ወደ እያንዳንዱ ሴንሰር አስጠጉ። ከዚያ ቀጭን እንጨት ሞክሩ፣ የት ቦታ ላይ እንደማያይ ታውቃላችሁ። 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ሳያቋርጥ መጮሁ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በታች ርቀቱን መለየት ስለሚቸግረው «በቃ ቁም» ይላችኋል። ፓርኪንግ ላይ የምትገኘዋን አጭር የሲሚንቶ ጎማ ማቆሚያ ግን ብዙ ጊዜ አያያትም፣ ከሴንሰሩ በታች ናት። ከሱፐርማርኬት ስወጣ ቀድሜ የማየው እሷን ነው።