አለሳልሼ የተረጎምኩት ማስጠንቀቂያ

ኮምቦልቻ ለውጭ መሐንዲስ እንግዳ አይደለችም፤ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ቱርኮችን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ ደግሞ ቻይናውያንን አስተናግዳለች። እኔ የሠራሁት ከሁለቱም ውጭ፣ በቦርከና ወንዝ አቅራቢያ በተሠራ መለስተኛ መጋዘን ላይ ሲሆን፣ የሳይት መሐንዲስም አስተርጓሚም ነበርኩ።

መሬቱ ዋልካ ነው። የውጭ ዜጋው አማካሪ መሐንዲስ የመጣው በጥር ስለነበር ያገኘው ዶማ የማይበግረውን ደረቅ አፈር ነው፤ ወለሉም በዚያው ላይ እንዲያርፍ ወሰነ። ዕድሜያቸውን በግንባታ ላይ ያሳለፉት ፎርማናችን ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኸ አፈር በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ሊጥ ነው። ወለሉን ያነሣዋል፤ ንገረው» አሉኝ። እኔም «ፎርማኑ ስለ አፈሩ ትንሽ ስጋት አላቸው» ብዬ አለፍኩት። ይሉኝታ ነው እንዳልል፣ ከይሉኝታው ይልቅ የውጭ ባለሙያን ለመሞገት ድፍረት ማጣቴ ይበልጣል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በጠርዝ በኩል ሰርጎ ዋልካው ሲያብጥ የወለሉ ዳር ተነሣ፤ ምሰሶዎቹ ጠለቅ ብለው ስለተመሠረቱ ንቅንቅ አላሉም፣ የብረት በሩ ግን ወለሉን እየፋቀ አልከፈት አለ።

የመጋዘኑ ሁለተኛ ክፍል ሲጀመር ቃል መተርጎሙን ትቼ፣ ደርቆ በወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር በመለኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሬ አሳደርኩትና በማግስቱ ሁለቱንም ጠራኋቸው። አፈሩ ወደ 20 ተጠግቶ ነበር። በሙያችን እጥፍ የሚያብጥ አፈር ቀላል ሕንፃን ለመጉዳት እንደሚበቃ ይታወቃልና መሐንዲሱ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ፎርማኑ አዙሮ ምን ያህል መቆፈር እንደሚገባ ጠየቀ። ዋልካውን አንሥተን ገረጋንቲ (የማያብጥ የሙሌት አፈር) በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቅን ሞላን፤ ገረጋንቲ ራሱ ውኃ አቁሮ ጉድጓዱን ገንዳ ሊያደርገው ስለሚችል የዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቀድመን ሠራን።

ከዚያ ወዲህ የፎርማኑን ቃል በሳይት መዝገቡ ላይ እንዳሉት በአማርኛ ከጻፍኩ በኋላ ነው የምተረጉመው። የመጀመሪያው ክፍል በር ደግሞ ከታች በግራይንደር ተቆርጦ ይኸው ያገለግላል፤ በበጋ ወለሉ ሲወርድ በክፍተቱ ድመት ያስገባል።