የስኒው አፍ

ደሴ ላይ ሥዕልን በራሴ ጥረት መለማመድ ስጀምር በእጄ የነበሩት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ አንድ ኤችቢ እርሳስና ላጲስ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከስልክ ላይ የሰው ፊት ስገለብጥ አሳለፍኋቸው፤ እናቴ የገዛ መልኳን አይታ «ይህች ደግሞ ማናት?» ስትለኝ ግን ፊቱን ትቼ ጠዋት ጠዋት ረከቦት ላይ ወደሚደረደረው ስኒ ዞርሁ።

ስኒ መሳል ቀላል መስሎኝ ነበር። አፉ ክብ መሆኑን ስለማውቅ ክብ አደርገዋለሁ፤ ታቹ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በቀጥታ መስመር እዘጋዋለሁ፤ ውጤቱም ከላይና ከጎን በአንድ ጊዜ የታየ የሚመስል ጠማማ ዕቃ ነበር። ስሕተቴ የገባኝ ስኒውን ይዤ ቀስ በቀስ ወደ ዓይኔ ሳነሣው ነው፤ ከላይ ሲያዩት ክብ የነበረው አፍ እየጠበበ ሄዶ ሞላላ ሆነ፣ ከዓይኔ ትክክል ሲደርስም ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። ታቹ ደግሞ ከዓይን ከፍታ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል፣ ጠርዙ ከአፉም በላይ ጎበጥ ማለት ነበረበት። ለካ ስስል የኖርሁት የማየውን ሳይሆን የማውቀውን ነው።

ሞላላውን ለማቃናት ደብተሩን ጨረስሁት። የጠቀመኝ እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጎ መያዝ፣ እጅን ከአንጓው ሳይሆን ከትከሻ ማንቀሳቀስ፣ ወረቀቱን ሳይነኩ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ ካዞሩ በኋላ በስሱ ማሳረፍ ነበር። ላጲሱ ወረቀቱን ከማሻከር በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም።

ለጥላው 4ቢ እርሳስ ገዛሁ፤ በልቡ ውስጥ ከሸክላ ጋር የተቀየጠው ግራፋይት (ጥቁሩ ማዕድን) ከኤችቢው ስለሚበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም።

ከዚያ የደሴውን ተራራ ጦሳን ሞከርሁ። ተራራው ግዙፍ መሆኑን ስለማውቅ ገጹን ሞልቼው፣ አጥቁሬውም ነበር። እጄን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በእርሳሱ ስለካው ግን ቁመቱ ከጎረቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ አነሰ፤ ጉም በሸፈነው ማለዳም ከቅርቡ ባሕር ዛፍ እጅግ የፈዘዘ ሆኖ አገኘሁት።

ወደ ሰው ፊት ገና አልተመለስሁም። አሁን የያዘኝ ጀበናው ነው፤ አንገቱ ከሆዱ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጥላው ወዴት እንደሚዞር ሦስት ቀን ሙሉ አይቼም አልጨረስሁትም።