ከምን ጋር ታነጻጽረዋለህ?

ባለፈው እሑድ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ እኔ ለ8 ዓመት በቆምኩበት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ባዮሎጂ ያስተምራል። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ገብሱና ስለ ዘንድሮው ውርጭ ከተጨዋወትን በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመውጣት ማመልከት መጀመሩን ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ መቼም ትምህርቱ አይከብደኝም፤ እርስዎ ያስተማሩንን ሆሚዮስታሲስ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ሳላጎድል እወጣዋለሁ» አለኝ። የተናገረው በኩራት ነው። እኔም «ጎበዝ» ብዬ፣ መርቄው ስልኩን ዘጋሁ፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዲት ቃል ሳያጎድል እንዲወጣው ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ርእስ፣ ሰውነት ውስጣዊ ሚዛኑን በሚጠብቅበት ሥርዓት፣ እዚህ አገር የገጠመኝን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጣሁበትን መንገድና የወረቀቱን ጣጣ አልዘረዝርም፤ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። የማስተማር ዲግሪዬ እዚህ መምህር ስለማያደርገኝ፣ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫንኩ ማታ በአንድ ኮሌጅ የጤና ሙያ መማር ጀመርኩ። በሁለተኛው መንፈቅ ስለ ሰውነት አሠራር የሚያስተምር ኮርስ ነበረን፤ የመጀመሪያው ትልቅ የቤት ሥራም «ሰውነት ውስጣዊ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ሙከራ ንደፉ» የሚል ሆነ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እኔ ደስ አለኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ አብጠርጥሬ የማውቀውን ነገር ስጠየቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአንድ ሌሊት አራት ገጽ ጻፍኩ። ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሰውነት ውስጣዊ አካባቢ ካነሣው ሐሳብ ተነሥቼ፣ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1926 «ሆሚዮስታሲስ» የሚለውን ቃል እንዴት እንዳወጣው አስረዳሁ፤ ቀጥዬ ለውጥን የሚያውቁ ሕዋሳት፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ማእከልና ትእዛዙን የሚፈጽሙ ጡንቻዎችና ዕጢዎች እንዴት እንደሚናበቡ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የሰውነትን ሙቀት በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዴት እንደሚያቆይ፣ ኢንሱሊንና ግሉካጎን የሚባሉት ሆርሞኖች የደምን ስኳር ከላይና ከታች ሆነው እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ለውጡ ራሱ መልሶ ለውጡን የሚገታበትን ሥርዓት ከነሥዕሉ አስቀመጥኩ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ይህንን ዛሬም ደፍሬ እናገራለሁ።

መምህርቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ወረቀታችንን ቤተ ሙከራ ውስጥ በየጠረጴዛው እየዞረች ስታይ እኔ ዘንድ ደርሳ አራቱንም ገጽ ሳትቸኩል አነበበች። «የጻፍከው ሁሉ ትክክል ነው» አለችና፣ «አንተ ግን ማወቅ የምትፈልገው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አልገባኝም፤ እንግሊዝኛው ያመለጠኝ መስሎኝ እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ፤ ጨመረችም። «ማንን ትለካለህ? ከምን ጋር ታነጻጽረዋለህ? ምን ውጤት ብታገኝ ነው ‹ተሳስቻለሁ› የምትለው?» አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። አጠገቤ ያለው የ19 ዓመት ልጅ የጻፈው ግማሽ ገጽ የማይሞላ፣ ፊደሉ የተዛነፈ ጽሑፍ ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር ግን «እጃችንን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብንከት የአፋችን ሙቀት ይቀንሳል ወይ?» ይላል። እሱ ምልክት ተደረገለት፤ የእኔ ወረቀት እንደገና እንዲሠራ ተመለሰልኝ።

ጆሮዬ ነደደ። ሐፍረት ሲይዘን የፊታችን የደም ሥሮች እንደሚሰፉና ቆዳችን እንደሚግል ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከዕድሜዬ ግማሽ በሆኑ ልጆች መካከል ቆሜ ነገሩ በራሴ ላይ ሲሆን አየሁት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በአገሬ መምህር ሲቆጣ የልብ ይወጣል፤ እሷ በትሕትና ስለ ጠየቀችኝ የምሸሸግበት አጣሁ። ቋንቋ አነሰኝ እንዳልል ቋንቋው ገብቶኛል፤ ትምህርቱን አላውቀውም እንዳልል አራት ገጽ ጽፌያለሁ።

የእኛ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥኑ የተቆለፈ፣ መሣሪያው አቧራ የጠጣ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እኔም ለብዙ ዓመት ምክንያት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሰዓት ነበረን፤ ዳገት ነበረን፤ በክፍል ውስጥ 60 ልጅ፣ 60 የሚመታ ልብ ነበረን። አንዱን ልጅ «ና፣ ሩጥና ተመለስ፤ ከመሮጥህ በፊትና በኋላ ልብህ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንቁጠር» ለማለት ቁልፍ አያስፈልግም ነበር። በ8 ዓመት አንድ ቀን አላልኩም። «ጻፉ» አልኩ፤ ጻፉ።

ለሁለተኛው ዙር ከዚያው ወጣትና ከአንዲት የፊሊፒንስ ተወላጅ ጋር ተመደብኩ። ልጁ በቅንነት፣ «አንተ ከሞቃት አገር ስለመጣህ እጅህን ውኃው ውስጥ የምትከተው አንተ ብትሆን ለውጡ ጎልቶ ይታያል» አለኝ። በነገሩ ብከፋም ክፋት እንደሌለበት ስላየሁ፣ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ መሆኑን፣ አገሩ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በአመዳይ ነጥቶ እንደሚያድር ነገርኩት። ባናው ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራው ለጌጥ አይደለም፤ በርኖሱም ቢሆን። አልጠረጠረኝም፣ ግን አላመነኝም፤ አፍሪካ ውስጥ ውርጭ ይኖራል ብሎ የነገረው ሰው የለም።

ይህን ስነግረው እናቴ ትዝ አለችኝ። ጠዋት ከብት ልናወጣ ስንል እጃችን ሲቆረፍድ አይታ «እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተተው፤ ጉልበትህን ሰብሰብ አድርገህ ተቀመጥ» ትለን ነበር። የሰውነት ሙቀት በቆዳ በኩል እንደሚወጣ፣ ሰው ኩርምት ሲል ለብርድ የሚጋለጠው ገላ እንደሚያንስ ማንም አላስተማራትም። እረኛው ሲንቀጠቀጥ ጡንቻው ሙቀት እያመረተ ነው፤ ጣቱ የሚነጣው ደሙ የውስጥ አካሉን ለማሞቅ ከቆዳ ስለሚሸሽ ነው። ይህ ሁሉ ክፍሌ ውስጥ ነጠላ ተከናንበው በሚንቀጠቀጡ ልጆች ላይ ይታይ ነበር፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የአውሮፓ ሰዎችን ስም እጽፍ ነበር።

ሙከራችንን በልጁ ጥያቄ ላይ ሠራን። ውኃው 15 ዲግሪ፣ የሚቆዩበት ጊዜ 3 ደቂቃ፤ የጣት ሙቀትና ከምላስ ሥር ያለው ሙቀት ከመከተቱ በፊት፣ በመሐልና በኋላ ይለካል። በጎ ፈቃደኞቹ 10 የክፍል ጓደኞቻችን ነበሩ። እያንዳንዳቸው እጃቸውን ባልዲ ውስጥ ለመክተት መስማማታቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ጣቱ በብርድ የሚነጣና የሚደነዝዝ ሰው እንዳይካተት ታዘዝን። ለሦስት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ፊርማ መሰብሰብ መጀመሪያ ከልክ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ እኛ አገር መምህሩ «አንተ፣ ና» ካለ አለቀ፤ ልጁ ይመጣል። በኋላ ሳስበው ግን፣ የእኔ ተማሪዎች አልፈልግም ማለት እንደሚችሉ ነግሬያቸው አላውቅም።

መጀመሪያ ራሴን ስለካ ከምላሴ ሥር 37.9 ወጣ። ትኩሳት ያለብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የፊሊፒንሷ ልጅ ግን በእጄ የያዝኩትን ኩባያ አየችና «ሻይ ጠጥተህ ነው» አለችኝ። ከመለካት በፊት ትኩስም ሆነ ቀዝቃዛ ነገር ከወሰዱ ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ 36.8 ሆነ። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ እኔ የለካሁት ሻዩን ነበር።

የመጀመሪያው ልጅ እጁን ሲከት ትንፋሹን ሳበ፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ሮዝ ቀለም ቀስ እያለ ጠፋ። የጣቱ ሙቀት ከነበረበት ከ10 ዲግሪ በላይ ወረደ፤ የአፉ ሙቀት ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሲያወጣው ጣቱ ቀላ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ሞቀ። ገላው ዳር ዳሩን ለብርድ አሳልፎ ሰጥቶ መሐሉን ሲጠብቅ በዓይኔ አየሁ። በቃል ስወጣው የኖርኩት ነገር በሰው ጣት ላይ ሲፈጸም ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ማንም አላየኝም።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ለማነጻጸሪያ ይሆነናል ብለን ደረቅ የተውነው የሌላኛው እጅ ጣትም በበርካታዎቹ ላይ በጥቂቱ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎን ቀየርነው፤ ያው ሆነ። መምህርቷን ስንጠይቃት፣ አንደኛው እጅ ብርድ ሲሰማው በነርቭ በኩል የሌላኛው እጅ የደም ሥርም እንደሚጠብብ፣ ስለዚህ ደረቁ እጅ ከሙከራው ውጭ እንዳልሆነ ነገረችን። «እንግዲህ ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ?» አለች። በዚህ ጊዜ መልሱ ከእኔ አፍ ወጣ፤ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ እነዚያው ሰዎች እጃቸውን ከቆዳቸው ሙቀት ጋር በሚቀራረብ በ33 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለዚያው 3 ደቂቃ ይክተቱ አልኩ። ውኃ መንካቱ፣ መቀመጡ፣ መለካቱ ሁሉ አንድ ይሆንና ልዩነቱ ብርዱ ብቻ ይሆናል። ራሷን ነቀነቀች። እዚህ አገር ካገኘሁት ደመወዝና ወረቀት ሁሉ ያቺ የራስ ንቅናቄ ትበልጥብኛለች።

ያ ነገር ከገባኝ በኋላ ያስተማርኩትን ሁሉ መጠራጠር ጀመርኩ። «የደጋ ሰው አየሩ ስለሚሳሳ ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን አመንጭቶ ቀይ የደም ሴሉን ያበዛል» ብዬ በየዓመቱ አስተምር ነበር። ከቆላ ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው እውነት ነው፤ በ3,000 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን ለክተው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ደጋ ላይ ተወልጄ፣ ለደጋ ልጆች ስለ ደጋ ሰው ደም ሳስተምር፣ የራሳችን ደም ተለክቶ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥናቱን ያገኘሁት ከባሕር ወለል 650 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ከተማ፣ በረዶ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ከሌሊት ፈረቃ በፊት ነው።

ለመውጣት የምታስቡ፣ በተለይ መምህራንና የጤና ተማሪዎች፣ ይህን ስሙኝ። የቋንቋ ፈተናውን ታልፉታላችሁ፤ ለደላላው የምትከፍሉት ገንዘብ ይገኛል፤ ብርዱንም የመንዝና የተጉለት ሰው ይችለዋል። የሚጥላችሁ ሁሉን አውቃችሁ አንዲት ጥያቄ ማቅረብ አለመቻል ነው። ይህንን ለመልመድ ደግሞ ቪዛ መጠበቅ አያስፈልግም። እዚህ ያሉትም ቢሆኑ ሁሉ ሞልቶላቸው አይደለም፤ የልብ ምታቸውን እጃቸው ላይ ባሰሩት ሰዓት ቀን ሙሉ እየቆጠሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ምሳ መብላቱን አይጠይቁም። እኛ «በላህ ወይ» ማለት እናውቃለን፤ «በምን አወቅህ» ማለት ግን እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል።

ትናንት ይህንኑ ከመሐል ሜዳ ለደወለልኝ ለዚያ መምህር ነገርኩት። ተከፍቶ ዝም ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማታ ግን በስልኩ ጽፎ ላከልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ጠዋት ሲገቡ የደም ሥር ምታቸውን ሊቆጥር፣ ከዚያ ግማሾቹን ደረጃ ላይ 3 ደቂቃ አስወጥቶ አስወርዶ፣ ግማሾቹን አስቀምጦ፣ በየደቂቃው እየለካ ስንት ደቂቃ ላይ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ሊያይ ነው። የማይፈልግ እንደማይገደድም ጽፏል። ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ መለስኩለት። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ዳገቱን አንድ ሰዓት ተጉዘው ስለሚደርሱ ልባቸው ሲገቡ ዕረፍት ላይ አይሆንም፤ በር ላይ አትቁጠራቸው፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ አስቀምጣቸው።