የውጅግራው ቀለህ

ዛሬ አዘዞ፣ አጎቴ ዘንድ ውዬ ከአያታችን የወረሱትን ውጅግራ ሲወለውሉ አየሁ። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ይህ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ዐድዋም የዘመተ ነው፤ ጥይቱ ግን ዛሬ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ አጎቴ ከመሣሪያው ይልቅ ባሩድ እየተሞሉ ደግመው ለሚተኮሱት ጥቂት የናስ ቀለሆች ይሳሳሉ። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ስለሚያዝገው፣ በተለይ በጎንደር ክረምት፣ አፈሙዙን በሙቅ ውሃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ዘይት ያስነኩታል። ከአንደኛው ቀለህ አንገት ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች ስንጥቅ አሳዩኝና «ይኸስ ከእንግዲህ ለጌጥ ነው» አሉኝ፤ ደጋግሞ የተሞላ ናስ በየተኩሱ እየተለጠጠ ደርቆ ይሰነጠቃልና። ጭስ አልባውን የዘመኑን ባሩድ በዚህ አሮጌ ብረት ልሙላ የሚል ጎረምሳ ግን (ጉራ እንጂ ሙያ አልለውም) ግፊቱ ከብረቱ አቅም በልጦ ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል።