ሒሳቡን ልደግም ነበር

ለአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የተፈተንኩት የኤስኤቲ የመጀመሪያ ውጤቴ የደረሰኝ ሰኔ 2016 ነው። ጣና ዳር ማንጎ ሥር ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ከ1600 1360። ሒሳብ 760፣ ንባብና ጽሑፍ 600። ዓይኔ የሄደው 760ው ላይ ነው። «40 ነጥብ ብቻ!» አልኩ። በዚያው ማታ የሒሳብ ጥያቄ ማውረድ ጀመርኩ።

ጎረቤታችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያስተምራሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። በራቸው ላይ ቆሜ ዕቅዴን ስነግራቸው ሳቁ። «ሒሳብ ስለምትወድ ነው አይደል? እስኪ የምታመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች ጽፈህ አምጣ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከዝርዝሩ ጎን እያንዳንዱ የሚጠይቀውን ስሞላ ነገሩ ሌላ ሆነ። ቦውደን ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተናን ግዴታ አላደረገም። አምኸርስትም ለአመልካቹ ምርጫ ትቶታል። ለእነዚህ ውጤቱን አለመላክም ይቻላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጭራሽ አያዩትም። ሃርቫርድ፣ ብራውንና ዳርትመዝ ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገውታል። የቴክኖሎጂው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ቀድሟቸው በ2022 እ.ኤ.አ. መልሶታል።

ሒሳቡን ለማሻሻል ምክንያት የሚሆነኝ ኤምአይቲ ብቻ ነበር። እዚያ ከሚገቡት አብዛኞቹ ሒሳብ ላይ ወደ 800 የተጠጉ ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ ግን 760 አያሳፍርም። የሚያሳፍረው 600ው ነበር። ኤምአይቲን ሰረዝኩት። ሁለት ቀን ከፋኝ፣ ከዚያ አለፈልኝ።

ኤስኤቲ ላይ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ መፈተን አይቻልም። ብዙ ኮሌጆች ግን ከተለያዩ ቀናት የእያንዳንዱን ክፍል የተሻለ ውጤት ወስደው ይደምሩልሃል። እንደ ጆርጅታውን ያሉ ሁሉንም ውጤት ላክ የሚሉም አሉ፤ ቀድሞ ማጣራት ነው። የእኔ ዝርዝር ላይ ያሉት ግን ደማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ላይ ሒሳቤ ቢወርድ እንኳ 760ው አይነካም። ይሄ ሲገባኝ የሒሳቡን ደብተር ዘግቼ አልጋ ሥር ከተትኩት።

በመሃል የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ፤ ግቢ ገብተን ተፈተንን። እሱን ተውት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዶላሩ ነገር ተከተለ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለና ብር ወረደ። የኤስኤቲ ክፍያ ከነዓለም አቀፍ ጭማሪው ከ100 ዶላር በላይ ነው። የሚከፍልልኝ አሜሪካ ያለው አጎቴ ነው፤ ቢሆንም አባቴ በብር እያሰላ ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ላይ መፈተኛው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ እንደልብ አይኬድም፤ የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል። ሁለት ፈተና ለመድገም ሁለቴ መመላለስ የማይታሰብ ነበር።

ከኤስኤቲው ሌላ ያለብኝ ሁለተኛው ፈተና ቶፍል ነው፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ። ያኔ ከ120 ነበር የሚታረመው፣ እኔ 92 አለኝ። (ከጥር 2018 ወዲህ መለኪያው ከ1 እስከ 6 ሆኗል።) ከዝርዝሬ ብዙዎቹ 100 ይፈልጋሉ። ያወረደኝ ንግግሩ ነው፤ 20 ከ30። ጎጃሜ ነኝ፣ ወሬ አያንሰኝም፤ ለማይክሮፎን ማውራት ግን ሌላ ሙያ ነው። እልህ ይዞኝ ቶፍልን ልደግም አልኩ። ዝርዝሩን እንደገና ሳየው ግን ከ100ው ጎን አብዛኞቹ ዱዎሊንጎ የሚባለውን የኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ፈተናም እንቀበላለን ይላሉ። ዋጋው ከቶፍል ግማሽ አይሞላም፣ እቤት ተቀምጠህ በአንድ ሰዓት ትጨርሳለህ፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይመጣል። እልሁን ተውኩት።

ኤስኤቲው ላይ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። ከአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ተዋስኩ፤ ፈተናው በስልክ አይሠራም። ብሉቡክ በሚባለው የኤስኤቲ መተግበሪያ ላይ ያሉትን ነፃ የመለማመጃ ፈተናዎች አውርጄ የሳትኩትን ሁሉ በወረቀት መዘገብኩ። ከ54ቱ የንባብና ጽሑፍ ጥያቄዎች ከ11 እስከ 15 የሚሆኑት የሰዋስውና የሥርዓተ ነጥብ ናቸው። ግማሹን የምስተው እዚያ ነው! አማርኛ ክፍል ድርብ ሰረዝና ነጠላ ሰረዝ ሲያስተምሩን መስኮት መስኮት ሳይ የከረምኩት ሰውዬ፣ የእንግሊዝኛው ድርብ ሰረዝ መጥቶ ያዘኝ። ሁለቱ ወገን ለየብቻው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ ይሄን አንዷን ሕግ ለሦስት ሳምንት አኘክኋት።

ሌላው ጥፋቴ ጥድፊያ ነው። የንባብና ጽሑፉ ክፍል በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት ዙር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን 27 ጥያቄዎች ካበላሸህ ሁለተኛው ዙር የቀለለው ይሰጥሃል፤ እሱን ሁሉንም ብትመልስ እንኳ ውጤትህ ጣሪያ አለው። እኔ ደግሞ ሰዓት ያልቅብኛል ብዬ የመጀመሪያውን እሮጥበት ነበር። 32ቱን ደቂቃ ሙሉውን መጠቀም መማር አንድ ወር ፈጀብኝ።

መስከረም 25፣ 2017 አዲስ አበባ ተፈተንኩ። ንባብና ጽሑፍ 680። ሒሳቡ 740 ሆነ፤ እንደፈራሁት ወረደ፣ ማንም አልጠየቀኝም። 680ው ከቀድሞው 760 ጋር ተደምሮ 1440።

ዱዎሊንጎው ግን አስቸገረኝ። ብቻህን፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ጆሮህ ሳይሸፈን ካሜራ ፊት ትቀመጣለህ። እሑድ ጠዋት የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ ስላለ አይሆንም። ማክሰኞ ከሰዓትን መረጥኩ። መብራት አለ፣ ኢንተርኔቱም ደህና ነው። 40 ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ በሩ ተከፈተ። እማዬ ናት፣ ረከቦቱን ይዛ።

«የኔ ጌታ፣ ቡናው ሳይበርድ...»

በእጄ ሂጂ አልኳት። ምን ሆነህ ነው ብላ ጭራሽ ገባች። ከሁለት ቀን በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ታይቷል፣ ውጤቱን አናረጋግጥም የሚል መልእክት መጣ። ደግነቱ ሳልከፍል እንድደግም ፈቀዱልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እማዬን ከአክስቴ ጋር ገበያ ልኬ፣ በሩን ቆልፌ ተፈተንኩ። 125 ከ160። ከዝርዝሬ ለአብዛኞቹ በቂ ነበር።

ሰባት ቦታ አመለከትኩ፣ ሁለቱ ተቀበሉኝ፣ አንዱ ሙሉ ወጪዬን ቻለ። ከሁለቱ አንዱ ኤስኤቲ ያልላክሁበት ነው፤ ጋሼ እስካሁን ይስቁብኛል። እማዬ ደግሞ በሬ ተዘግቶ ካየች ሳታንኳኳ ውጭ ቆማ «ፈተና ነው ወይስ እንቅልፍ?» ትላለች።