በግራ ገጽ ያዩትን፣ በቀኝ ገጽ የመሰላቸውን

የጂኦሎጂ መምህሬ ካረፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው ደውለው፣ በመታሰቢያቸው ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላቸውና ጋራዡን የሞላውን ድንጋይና ወረቀት ለይቼ ለዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን እንዳዘጋጅ ጠየቁኝ። ፕሮፌሰሩ በሕይወት ሳሉ ስማቸው ሲነሣ የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ እዚህም አልጠራውም፤ ጋሼ እላቸው ነበር፣ አሁንም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ስገባ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት የሲቪል ምሕንድስና ዲግሪ ብቻውን ስለማያሠራኝ ተጨማሪ ኮርሶች እንድወስድ ተነገረኝ፤ ከእነዚያ አንዱን ያስተምሩ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን አድሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንቀላፋ ነበር፤ አይተው ይሆናል፣ ግን አንድም ቀን አልተናገሩኝም። በሦስተኛው ሳምንት ለእያንዳንዳችን ልባሰ ጠንካራ የመስክ ደብተርና እርሳስ አደሉንና ደንባቸውን ነገሩን፤ በግራ ገጽ ያያችሁትን ብቻ፣ በቀኝ ገጽ የመሰላችሁን ጻፉ። እርሳስ የታዘዘው፣ ቀለም በዝናብ ስለሚፈስ ነው። ላጲስ ክልክል ነበር፤ የተሳሳተ ሰው በአንድ መስመር ይሰርዝና ስሕተቱ እንዲነበብ ይተወዋል።

የመጀመሪያው የመስክ ጉዟችን ከካልጋሪ በስተደቡብ ወደምትገኘው ኦኮቶክስ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ 41 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ቁመት ያለው፣ 16,500 ቶን ገደማ የሚመዝን የኳርትዛይት ዐለት በዙሪያው ካለው መሬት ጋር ምንም ሳይዛመድ ብቻውን ተቀምጧል። በበረዶው ዘመን ከሮኪ ተራሮች፣ ከጃስፐር አካባቢ፣ በግግር በረዶ ተጭኖ የመጣ ነው። እኔም ታሪኩን እንደ ሰማሁ በግራው ገጽ ላይ “ይህ ድንጋይ እንደ እኔ ስደተኛ ነው” ብዬ ጻፍሁ። ጋሼ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አነበቡና በአማርኛ፣ “ድንጋይ አገሩ አይናፍቀውም። ይልቅ ጠርዙን እይ፤ ስለታም ነው ወይስ የተሟሸሸ?” አሉኝ። ስለታም ነበር። ወንዝ ያንከባለለው ወይም ግግሩ ከሥሩ እየፈጨ የጎተተው ድንጋይ ጠርዙ ይሟሽሻል፤ ይህኛው ግን ከተራራ ተንዶ በግግሩ ጀርባ ላይ ስለ ወደቀ ሳይፈጭ ተጉዟል። ናፍቆቴን ስጽፍበት መልሱ ፊቴ ላይ ተገትሮ ነበር።

በጊዜው አፍሬያለሁ፤ ተቀይሜያለሁም። ሆኖም የዚያን ክረምት ከምሕንድስናው ይልቅ የጠቀመኝ ይህ የሁለት ገጽ ደንብ ነው። የመጋዘኑ አለቃ ሰላም ሳይለኝ ሲያልፍ ንቆኝ ነው እል ነበር፤ እናቴ በስልክ ድምጿ ቀዝቀዝ ሲል የደበቀችኝ ነገር አለ እል ነበር። ሰላም ሳይለኝ ማለፉ የግራ ገጽ ነው፤ መናቁ የቀኝ ገጽ ነው፤ የቀኙን ደግሞ ባዶ መተው ይቻላል።

ጋራዡ ውስጥ 31 ደብተር አገኘሁ። ብዙዎቹ ስለ አፋር ናቸው፤ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ሳህኖች እርስ በርስ የሚለያዩበትን ያን ምድር ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላልሰውበታል። ሰው ሁሉ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ሉሲን ሲያወሳ፣ ቦታውን ቀድሞ የለየው ጂኦሎጂስቱ ሞሪስ ታይብ መሆኑንና የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋም የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አመድና ከዐለት ንጣፎች መሆኑን የሚያስታውስ በመጥፋቱ ይበሳጩ ነበር። ብቸኛው ቂማቸው ይህ ይመስለኛል።

በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ከተሰነጠቀ በኋላ የጻፉትን ደብተር ቆሜ ነው ያነበብሁት። ግራው ገጽ ስንጥቆቹን በእርምጃ ለክቶ፣ የአመዱን ቀለም መዝግቦ፣ የአርብቶ አደሮቹን ቃል እንኳ “ሰማን አሉ” ብሎ ያስቀምጣል፤ ድምፁን የሰሙት እነሱ እንጂ እሳቸው አይደሉምና። ቀኙ ገጽ ላይ ያለው አንድ የስንጥቅ ስፋት ግምት ነው፤ እሱም ተሰርዟል። ከሥሩ በሌላ እርሳስ የተጻፈ የ2006 ማስታወሻ አለ፤ በሳተላይት ራዳር የተደረገው ልኬት ቅልጥ ዐለት ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርዝመት ከሥር ሰርጎ መግባቱንና መሬቱን እስከ 8 ሜትር መክፈቱን አሳይቷል ይላል። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ለሚለያይ ምድር ይህ በሳምንታት ውስጥ የተከፈለ የብዙ መቶ ዓመታት ዕዳ ነው። ጋሼ ከጎኑ ያሰፈሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ “አልገመትሁም።”

የሕይወት ታሪካቸውን በዚያ ሌሊት ጻፍሁት። “ታላቅ ሳይንቲስት ነበሩ” ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁትና የት የት እንደ ሠሩ፣ ምን እንደ ለኩ፣ የትኛውን ግምታቸውን ራሳቸው እንደ ሰረዙ በተራ ጻፍሁ። ባለቤታቸው አነበቡት፣ አንድ ዓመተ ምሕረት አረሙና መለሱልኝ።

ድንጋዮቹን ስንጨርስ አንድ ጥቁር ባዛልት ቀረ። ጋሼ የተገኘበት ቦታ ያልተመዘገበ ናሙና ከተራ ድንጋይ አይሻልም ስለሚሉ ከሚጣለው ክምር ልጨምረው ስል ባለቤታቸው፣ “ተው እንጂ ልጄ፣ እሱማ የበር ማቆሚያዬ ነው” ብለው ከእጄ ወሰዱት። ሲገለብጡት ከሥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈ ደቃቅ ቁጥር ታየኝ። ደብተሩን ፈልጌ አገኘሁ። በግራው ገጽ የተገኘበት ቦታ፣ የፊቱ አቅጣጫና የማዕድኖቹ መጠን በወጉ ሰፍሯል፤ በቀኙ ደግሞ “በር ይዞ ይቆማል፤ ባለቤቴ አትመልሰውም” የሚል አለ።