ሃያዋስ የት ገባች?

በደቡብ ወሎ ደጋ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በልግ ሲቃረብ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ይዘን ቀበሌ እንወርዳለን። የአንድ ዓመቱ ትንበያ፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 ይል ነበር። ሦስቱንም አነበብኩ።

አለቃዬ ተቀበለኝና «እንግዲህ በልጉ ጥሩ ነው። ገብሳችሁን በጊዜ ዝሩ» አለ። ሦስቱ ቁጥር አንድ ሆነ።

ማሳቸው ተዳፋት ላይ ያለ አንዲት እናት ወዲያው «ጎርፍ ነው በሉና!» አሉ። እርከናቸው ተንዶባቸው ያውቃል። ወጣቶቹ ስለ ማዳበሪያ መንሾካሾክ ያዙ።

የ77ን ድርቅ ያዩ አንድ ሽማግሌ ግን ተነሱ።

«ልጄ፣ ሃያ ያልከው ነገር ነበር። እሷስ የት ገባች?»

አለቃዬ ቀደመኝ። «አብሽሩ አባባ፣ እሷ ትንሽ ናት።»

«ትንሽ? ካምስት ዓመት አንዱ ማለት አይደል? እኛ ያለቅነው እኮ በዚያ ባንዱ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ግማሹን ዘር ለክረምት እንደሚያስቀሩ ተናግረው ተቀመጡ።

በሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ? «አርሶ አደሩ ትንበያ የመረዳት ችግር አለበት።» ይውጣ ብዬ ለመንኩ፤ አልወጣም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ትንበያው ያለፉትን ዓመታት ዝናብ ለሦስት እኩል ከፍሎ ነው የሚነሳው። ምንም ፍንጭ ባይኖር እያንዳንዱ 33 ገደማ ይደርሰዋል። 45 ማለት ወደ ላይ ትንሽ አዘነበለ ማለት እንጂ ይዘንባል ማለት አይደለም። ይህን በትክክል የሰሙት ሽማግሌው ናቸው። አለቃዬ ደመወዝተኛ ነው። በልጉ ቢቀር ጎተራው አይጎድልበትም፤ ሃያዋን ለመስማት የሚያስገድደው ነገር የለም።

ዝናቡ በኋላ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ የአንድ ዓመት ዝናብ ማንንም ትክክል ወይም ስህተት አያደርግም።

አሁን ሳነብ ከትንሿ ቁጥር እጀምራለሁ። በቀደም ታዲያ አንድ ወጣት «ዘንድሮ ድርቅ ነው አሉ» እያለ ከስብሰባው ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ መንገድ ዳር አስቀመጥኩትና ቁጥሮቹን እንደገና አንድ በአንድ አስረዳሁት። በሬዎቹን ሊሸጥ አስቦ ነበር።